የማይራመደው ፒያኖ

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ፒያኖ ጥገና ሾፕ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሃሮልድ የመቃኛ ቁልፍ ሰጠኝና «አገርህ ምን ትሠራ ነበር?» አለኝ።

«በጦር ሠራዊት ባንድ ትሮምቦን እነፋ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ወደ ሱዳን ስንሻገር መኪናችን ተገልብጦ የፊት ጥርሶቼ ረግፈዋል። በሰው ሠራሽ ጥርስ ሞክሬ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ ማንጎራጎርም ትቼ ነበር።

«ጆሮህ እስካልረገፈ ድረስ ይበቃኛል» አለ።

ሃሮልድ ሥራውን በትዕግሥት አስተማረኝ። ክር መወጠር፣ ክሩን የሚመቱትን በፈልት (በተጠቀጠቀ ሱፍ) የተሸፈኑ መዶሻዎች ማስተካከል፣ ፈልቱ ሲደነድን በመርፌ እየወጉ ማለስለስ። ደንበኛ ቤት ግን ሕጉ አንድ ነበር፦ «ቃኝ፣ አስፈርም፣ ውጣ።»

ብቻዬን መውጣት ከጀመርኩ በኋላ ሳን ሆዜ ወደሚኖሩ መዳም ኢሎና ላከኝ። አገራቸው የሶቪየት ታንክ ሲገባ የሸሹ ሀንጋሪያዊት የፒያኖ አስተማሪ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ኮንሰርት ሊያቀርቡ ነበር፤ ሁሉም ማርሽ፣ የሰልፍ ሙዚቃ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የነበሩ ፒያኒስቶች የኦርኬስትራን ማርሽ ለፒያኖ ብቻ ይገለብጡ ነበር። ከበሮውም፣ መለከቱም፣ ጸናጽሉም በዐሥር ጣት መውጣት አለበት።

«ከሾፕ የመጣ ሁሉ በደንብ ቃኝቶታል» አሉኝ። «ግን አይራመድም።»

«እስቲ ይጫወቱልኝ» አልኳቸው።

ተጫወቱ። ኖታው ሁሉ ልክ ነው። ግን ወፍራሞቹ ክሮች እንደ ቆርቆሮ ይጮሃሉ። ከበሮው የለም።

«የጀርመን ማርሽ በተረከዝ ይወርዳል» አሉ። «የእኛ እንደ ንግግራችን ነው፤ እያንዳንዱ ቃል መጀመሪያው ላይ ይመታል። ያ ምት ነው የጠፋብኝ።»

የወፍራሞቹን ክሮች መዶሻዎች አውጥቼ በመርፌ አለሰለስኳቸው። እንደገና ሲጫወቱ ወለሉ ድም ድም አለ። ሴትዮዋ በደስታ ሳቁና «የእናንተስ ማርሽ እንዴት ይራመዳል?» አሉኝ።

ባንዳችን ይነፋው የነበረውን አንጎራጎርኩላቸው። ወዲያው መልሰው በፒያኖ ተጫወቱት፤ ዜማው የኔ፣ ግልቢያው የሀንጋሪ ፈረሰኛ ሆነ።

«እንደሱ አይደለም» አልኳቸው። «ከእግሩ በፊት ትከሻው ይቀድማል። መለከቱንም ኖታውንም የውጭ አስተማሪዎች ናቸው ያመጡልን። ስንነፋው ግን የኛ ሆነ።»

«እንግዲያው ፒያኖዬንም ያስተምሩልኝ» አሉ።

በዚህ መሐል ፍሪሞንት ከተማ ከሌላ ደንበኛ ጋር የነበረኝ ቀጠሮ አለፈኝ። ሾፕ ስመለስ ሃሮልድ ቆሞ ጠበቀኝ። «ደንበኛው ሌላ ሾፕ ጠራ። ይሄ ከተደገመ ቁልፉን ትመልሳለህ።»

አልደገምኩትም። ግን መዳም ኢሎናን አልተውኳቸውም፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየሄድኩ የትሮምቦኑን ክፍል እያዜምኩላቸው ማርሻችንን ለፒያኖ ገለበጥነው። ባለቤቴ «ሰሞኑን ቤት ውስጥም ትዘፍናለህ» አለችኝ። እኔ አላስተዋልኩም ነበር።

ለኮንሰርቱ ፒያኖው ወደ አዳራሹ ተወሰደ። ሃሮልድም መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ መዳም ኢሎና ተነሥተው «የሚቀጥለው ከኢትዮጵያ ነው፤ ዜማውን የሰጡኝ ሰው እዚያ ተቀምጠዋል» አሉ። ሲጀምሩ እግሬ ራሱ መርገጥ ጀመረ። ትከሻው ቀደመ። እንባዬን አልጠረግኩም።

ሲያልቅ ሃሮልድ ወደኔ መጣ። «የባሱን ወፍራም ክሮች ምን አደረግካቸው?»

«መዶሻዎቹን አለሰለስኩ። ከበሮ መሆን ነበረባቸው።»

ፒያኖውን ዞር ብሎ አየና «ከሰኞ ጀምሮ የኮንሰርት ፒያኖዎቹን አንተ ትይዛለህ» አለኝ። ጡረታ እስክወጣ ያዝኳቸው።

ሥራውን ለሚጀምሩ የምላቸው ይህንን ነው። ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ባለቤቱ ይጫወት፤ እናንተ ስሙ። ፒያኖ የሚቃኘው ለሚጫወተው ሰው ነው።