የዓሦቹ ጾም

ከራቤል ከተማ እስከ ቆላው ገዳም አራት ሰዓት ቁልቁለት ነው። መመለሻው አቀበት መሆኑን ስለማውቅ ገና ስወርድ ይደክመኛል። የወረዳው የዓሣ ባለሙያ እኔ ነኝ፤ የገዳሙን ኩሬ ግን አይቼው አላውቅም፤ ሴት ከበሩ አታልፍም። የድሮ አባቶች በድንጋይ የገነቡት ገንዳ መሆኑን፣ አጠገቡም መረብና መኖ የሚቀመጥበት አሮጌ የድንጋይ ቤት መኖሩን የማውቀው ኩሬውን ከሚጠብቁት አባ ነው። ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ።

ዓሦቹ የታሰቡት ለጸበል ለሚመጡ ሕመምተኞች ነው። የገዳሙ ማኅበር እስከ ፋሲካ ሊታገስ ተስማምቷል። ያን ጊዜ ለምግብ ካልደረሱ ገንዳው ተደፍኖ ሽንኩርት ይተከልበታል።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አባ አንድ ቆሮሶ በባልዲ ይዘው ወጡ። ዓሣው ከስቶ ጭንቅላት ብቻ ሆኗል።

«አባ፣ መኖ ይበላሉ?»

«ይበላሉ እንጂ! ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ አንዴ፣ እንደኛው።»

«ፉርሽካና ፋጉሎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ብዬ ጽፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። «በጾምም ቢሆን» ብዬ መጨመር አልታሰበኝም።

«አባ፣ ዓሣ መጾም የለበትም» አልኩ በለሆሳስ።

«ንስሐ እየገባሽ ነው እንዴ? ጮክ በይ እንጂ ልጄ!»

ደገምኩት።

«የነነዌ ከብቶች ጾመው የለ? ዓሣ ከከብት በምን ይበልጣል?»

ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። ዓይኔን ከባልዲው ሳላነሳ «እንዲህ ከቀጠሉ ለፋሲካ አይደርሱም፤ ገንዳው ይደፈናል» አልኩ። እሳቸውም ባልዲውን ትንሽ አዩትና አበምኔቱን ሊጠይቁ ገቡ።

የተቀመጥኩበትን ድንጋይ ጥላው ትቶት እስኪሄድ ጠበቅሁ። አባ አንገታቸውን ደፍተው፣ እየሳቁ ተመለሱ።

«ዮናስን የዋጠው ዓሣ ጾሞ ነበር ወይ? ብለው አሳፈሩኝ። ዛሬውኑ አብላቸው አሉ።»

ፉርሽካውን ሊያወጡ ወደ ድንጋዩ ቤት ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ከግንቡ ወዲያ ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፤ ዓሦቹ እየተሻሙ ነበር። ለፋሲካ የቀረው አንድ ወር አይሞላም፤ ይበቃቸው እንደሆነ አላውቅም። ከማስታወሻዬ ገጽ ቀድጄ «ጠዋትና ማታ፣ በጾምም ቢሆን» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ፤ በበሩ ስንጥቅ ውስጥ ሰክቼው አቀበቱን ጀመርኩ።