ዳምጠውን ማንም ያልመታበት ቅዳሜ

ወይዘሮ አስካለ ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ቤታቸው ዐረፉ። ቀብራቸው በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ተፈጸመ። ሁለት ልጆች ትተዋል። የበኩር ልጃቸው ታምራት የልጅነት ጓደኛዬ ነው።

ቅዳሜ፣ በሠልስታቸው፣ ድንኳኑ ውስጥ ከታምራት ጎን ተቀምጬ ነበር። ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ሰው ንፍሮውን ቀምሶ አብዛኛው ተበትኗል፤ የቀሩት ጎረቤቶች ካርታ ይዘዋል። ጥግ ላይ አራት ልጆች የየወላጆቻቸውን ስልክ ይዘው ግንባር ለግንባር ገጥመዋል። ጨዋታቸው የሮቦት ድብድብ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሦስቱ ሳቃቸው እንዳይሰማ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ካርታ የያዙ አንድ አዛውንት ዞር ብለው ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታወሷቸው። ታምራት ግን፣ "ይተዉአቸው ጋሼ፣ ይጫወቱ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር መሆኑ ሳንነጋገር ገባን።

ነገሩ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ የተፈታበት ሳምንት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ በየመንገዱ ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል። እኔ፣ ታምራት፣ ገመቹና ሳሚ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት ላይ ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ እንሄዳለን። የገመቹ የአጎት ልጅ ኤፍሬም እዚያ ትንሽ ጌም ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። የሰፈራችን ጌም ቤቶች ሁለት ጆይስቲክ ብቻ ነበራቸው፤ የኤፍሬም ግን አራት ሰው በአንድ ጊዜ ያጫውታል።

ጨዋታው ቀላል ነው። አራት ሮቦቶች አንድ ክብ ሜዳ ውስጥ ይገባሉ። ወለሉ ላይ መጋዝ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ዳር ዳሩ እሳት ነው። መጨረሻ ላይ ቆሞ የቀረው ያሸንፋል። ሮቦቶቹ የእንግሊዝኛ ስም ነበራቸው፤ እኛ የየራሳችንን አወጣንላቸው። የታምራት ሮቦት ወፍራምና ቀርፋፋ፣ ከፊቱ የሚሽከረከር ብረት ያለው ስለነበር፣ በመንገድ መጠቅጠቂያው መኪና ስም ዳምጠው አልነው። የእኔ እሾሃም ስለሆነ ጃርት ተባለ። የገመቹ ክሬን ነው። የሳሚ ብረቱ ቶሎ ቶሎ እየተገነጠለ ስለሚወድቅ ቆርቆሮ ብለነው ቀረ።

አንድ ሕግ ነበረን። ጨዋታው ሲጀመር ሦስታችንም መጀመሪያ ዳምጠው ላይ እንዘምታለን፤ እሱ ሳይወድቅ እርስ በርስ አንነካካም። ታምራት ከሁላችንም ይበልጥ ይችል ስለነበር ሌላ መላ አልነበረንም። እሱም ሦስት ለአንድ መሆናችን እንደማያሳፍረን እየነገረን፣ አንድ በአንድ ወደ እሳቱ ይገፋናል። ሳሚ ሲወድቅ፣ "ቆርቆሮ፣ ክረምቱ ሳይወጣ አለቅህ እኮ" ይለዋል። ተባብረንም ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነበር።

ያን ቅዳሜ ቀትር ላይ አባቴ ከግቢ ውጭ ጠራኝ። አባቴ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የታምራት አባት ጋሽ ተፈራ መሞታቸውን ነገረኝ። ጋሽ ተፈራ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከጅቡቲ ሲመለሱ መኪናው ተገልብጦ ነው። ወሬው የደረሰው ለታምራት አጎት ሲሆን፣ ቤታቸው ገና አልተሰማም።

የሽማግሌዎቹ ጭንቀት እትዬ አስካለ ነበሩ። አራስ ናቸው፤ ሴት ልጅ ከወለዱ ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። ብቻቸውን ሆነው በድንገት ቢሰሙ ምን እንደሚደርስባቸው ሁሉም ፈርቷል። ስለዚህ መርዶው እሑድ ንጋት ላይ እንዲሆን፣ ትልልቅ ሴቶችና ጎረቤት ያለች አንዲት ነርስ አብረው እንዲገቡ ተማክረዋል። ታምራት ከሰማ ሮጦ ቤቱ ይገባል፤ ቤቱ ከገባ እናቱ ይሰማሉ። አባቴ እኔን የፈለገኝ ለዚህ ነው።

"ልጁን ያዙልኝ" አለኝ። "ማታ እኛ ቤት ያድራል። እንደወትሮው ሁኑ፤ ሌላ ምንም አትሥሩ።"

ለገመቹና ለሳሚ መንገድ ላይ ነገርኳቸው። ሳሚ አለቀሰ። ፊቱን በቧንቧ ውሃ እስኪታጠብ ጠብቀነው ወደ ታምራት ቤት ሄድን።

ታምራት ደጅ ላይ የሕፃኗን ጨርቆች ከገመድ እየሰበሰበ ነበር። ይዘነው ቶሎ ልንወጣ ነበር ሐሳባችን፤ እትዬ አስካለ ግን ከውስጥ ድምፃችንን ሰምተው ጠሩን። አራስ ቤት ደጃፍ ደርሶ ሳይቀምሱ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ገባን። ጋቢ ደርበው፣ ሕፃኗን ታቅፈው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ገንፎው ቀረበ፤ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ቀልጦ ቀይ ኩሬ ሠርቷል። ሌላ ጊዜ ሳህን ላይ የምንጋፋው ልጆች ያን ቀን ከዳር ከዳር ትንሽ እየቆረስን አፋችን ውስጥ አቆየነው።

"ምነው፣ ዳኛ መሰላችሁሳ?" አሉ እትዬ አስካለ። "ትናንት እኮ ቤቱን ልታፈርሱብኝ ነበር።"

ሳሚ አቀረቀረ። ገመቹ ግን ዛሬ ታምራትን እንዴት እንደምንጥለው እያሰብን ስለሆነ ነው አላቸው። ሳቁ፤ ታምራትም ሳቀ። ከዚያ ገመቹ የቀረውን ገንፎ ብቻውን ጨረሰው። ርቦት እንዳልነበር አውቃለሁ። ስንወጣ እናቱ ታምራትን ሳይመሽ ተመለስ አሉት፤ አባቱ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ስለሚገባ ቤቱን ማስተካከል አለ።

ሚኒባሱ ውስጥ ያወራው ታምራት ብቻ ነው። አባቱ ሲመጣ ለእንቁጣጣሽ ሸጎሌ ሄደው በግ እንደሚመርጡ ነገረን። ዘንድሮ እሱ እንዲመርጥ ቃል ተገብቶለታል። ላቱን እንዴት እንደሚዳስሱ፣ ጥርሱን እንዴት እንደሚያዩ በእጁ ያሳየናል። እኛ በመስኮት ወደ ውጭ እናያለን።

ኤፍሬም ጋ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከላይ ቆርቆሮ። ከሆስፒታሉ የወጡ አስታማሚዎች ዝናቡን ለማሳለፍ በሯ ሥር ይጠለላሉ። ያን ዕለት የገመቹ ልደት ስለነበር በፌስታል ሳምቡሳ ይዞ ነበር። ብዙም ሳንጫወት መብራት ሄደ። ታምራት ተነስቶ፣ እናቱ ብቻዋን ስለሆነች ቤት ልግባ አለ። ሳሚ ሳምቡሳው ይለቅ አለው። እኔ ዝናቡን አሳየሁት። ገመቹ በልደቴ ቀን ጥለኸኝ ከሄድክ አላናግርህም ብሎ እውነተኛ ጠብ ሊያነሳ ሲል መብራቱ መጣ።

አዲስ ዙር ጀመርን። ጃርትን ወደ ዳምጠው ነዳሁት፤ አጠገቡ ስደርስ ግን ጣቴ እምቢ አለኝ። ወደ ሳሚ ዞርኩ። ሳሚ ቀድሞ ወደ ገመቹ ዞሯል፤ ገመቹም ወደ እኔ። አልተማከርንም። አባቱ የሞተበትን ልጅ፣ በጨዋታም ቢሆን፣ ሦስት ሆኖ መምታት አልሆነልንም። እኛ እርስ በርስ ስንፋጭ ዳምጠው መሐል ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ አሸነፈ። የሚቀጥለውንም እንዲሁ አሸነፈ።

"ፍልሰታ ተፈታ አይደል እንዴ?" አለ ታምራት እየሳቀ። "የምን ጾም ነው የያዛችሁት? ማንም አይነካኝም።"

ማናችንም አልሳቅንም። በሚቀጥለው ዙር ዳምጠውን ወደ እሳቱ ጠርዝ ወስዶ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አድርጎ አቆመው። አንዲት ግፊት ትበቃው ነበር። ክሬን አልፎት ሄደ። ጃርትም አልፎት ሄደ። ቆርቆሮ ባለበት ቆሞ ቀረ።

ታምራት ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ማነው?" አለ።

ሳሚ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"እማዬ ናት?"

"ኧረ፣ ደህና ናቸው" አልኩት። ቸኩዬ ነው ያልኩት።

"ሕፃኗስ?"

"ደህና ናት።"

ከዚህ ሌላ አልጠየቀም።

"አባዬ" አለ።

ገመቹ አቀፈው። ኤፍሬም ማንም ሳይነግረው በሩን ገርበብ አድርጎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ታምራት ያለቀሰው በሮቦቶቹ ሙዚቃና ቆርቆሮውን በሚደበድበው ዝናብ ውስጥ ነው። በር ሥር ከቆሙት ሰዎች ዞር ያለ አልነበረም።

ድምፁ ሲመለስለት መጀመሪያ የጠየቀኝ እናቱ ሰምታ እንደሆነ ነው። የአባቴን ሐሳብ ሁሉ ነገርኩት፤ ንጋቱን፣ ሴቶቹን፣ ነርሷን፣ እኛ ቤት ማደሩን። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"እናንተ ቤት አላድርም" አለ። "አባዬ መንገድ ሲወጣ ከቤት ውጭ አድሬ አላውቅም። ዛሬ ከቀረሁ ትጠረጥራለች።"

ሽማግሌዎቹ ይህን አላሰቡም። እኛም አላሰብንም። ገመቹ የእናቱን ፊት ሲያይ እንዴት እንደሚችል ጠየቀው። እኔንጃ አለ። ከዚያ ጆይስቲኩን አነሳ።

"እስክረጋጋ እንጫወት። ግን ምቱኝ። ካልመታችሁኝ አለቅሳለሁ።"

መታነው። እንደዚያ ተባብረን መትተነው አናውቅም። ሳሚ እንባው እየወረደ ዳምጠውን እሳት ውስጥ ጨመረው፤ ታምራትም ቆርቆሮ በመጨረሻ ሰው ሆነ አለ። ዝናቡ እስኪያባራ ቀጠልን።

ስንመለስ ዓይኑ አሁንም ቀይ ነበር። ሽሮ ሜዳ ከሚኒባስ እንደወረድን በቆሎ ከምትጠብሰው ሴትዮ ፊት ሄዶ ጭሱ መሐል ቆመ። ሴትዮዋ፣ "ልጄ፣ ፈቀቅ በል፣ ዓይንህን ያጠፋሃል" አለችው። አልተንቀሳቀሰም። ሲያስለው፣ ልብሱ ጭስ ጭስ ሲሸት ጊዜ ሁለት በቆሎ ይዞ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። እኛ ከኋላው እስከ ግቢው በር ሄድን። ሲገባ ዞር ብሎ አላየንም።

አባቴ ታምራት ቤቱ መግባቱን ስነግረው መጀመሪያ ተቆጣ። ምክንያቱን ስነግረው ደግሞ ቁጣውን ተወ። እሑድ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደ። ከመርዶው ተመልሶ የነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩን ለማንኳኳት እጁን ሲያነሳ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ታምራት ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ቆሞ ነበር። ሴቶቹ ቀድመው እንዲገቡ መንገድ ለቀቀላቸው።

እኔ ዜና በመጻፍ ነው የኖርኩት። ሥራዬ የሰማሁትን አረጋግጬ ቶሎ ማድረስ ነው። ያደግኩበት ሰፈር ደግሞ ለሞት ወሬ ሰዓቱንና ነጋሪውን ይመርጣል። ሁለቱን ላስታርቅ ሞክሬ አላውቅም። የአደጋ ዜና ሲደርሰኝ ግን የሟቹን ስም ከመጻፌ በፊት ቤተሰብ ሰምቷል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ስለዚህ የዘገየሁባቸው ቀኖች አሉ፤ አለቆቼም ተቆጥተውኛል። ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ የለም።

ታምራትን ስለዚያ ማታ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ጠየቅኩት። ያኔ ሕፃን የነበረችው እህቱ ትዕግሥት ከጎኑ ነበረች፤ እሷም ያን ዕለት ነው የሰማችው። እናቱ ዓይኑን አይተው ምን ሆንክ ሲሉት በቆሎ ስንበላ ጭስ ገባብኝ እንዳላቸው ነገረን። ማን አሸነፈ ሲሉት ሳሚ ነው አላቸው። ሳሚ ያሸንፋል ብለው ስላላመኑት ሮቦቶቹን እየሆነ፣ ወለሉ ላይ እየወደቀ አሳያቸው። እናቱ ሕፃኗ እስክትነቃ ድረስ ሳቁ። ሲተኙ ፍራሹን ሳብ አድርጎ በሩ ሥር አነጠፈ፤ ከንጋቱ በፊት ማንም ወሬ ይዞ እንዳይገባባቸው።

በኋላ ነግሯቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"አልነገርኳትም" አለ። "ያን ማታ ስቃ ነው የተኛችው። እንዴት አድርጌ እወስድባታለሁ?"

ይህን ልጻፈው ወይ አልኩት። እህቱን አየና፣ አሁን ጻፈው አለኝ።

ከመጻፌ በፊት የሚያውቁትን ሁሉ ጠየቅኩ። አባቴ ሸምግሏል፤ ያን ንጋት ግን ያስታውሰዋል። ገመቹ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሳሚንና ኤፍሬምን በስልክ አገኘኋቸው። ልጃቸው ቀድሞ ሰምቶ እንደነበር ለወይዘሮ አስካለ የነገራቸው ሰው የለም።