የሞተ ዓሣ የወጋኝ ዕለት

እሳት ነው የገባብኝ። ከጫሞ ሐይቅ የተረከብነውን ዓሣ በረዶ ላስተካክል እጄን ሣጥኑ ውስጥ ስሰድ ቀኝ አውራ ጣቴን አንዳች ነገር ወጋኝና እስከ ክርኔ ነደደ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ዓሣ ስበልትና ስሸጥ ነው፤ መወጋት ብርቄ አይደለም። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። አውጥቼ ሳያት ጺማም፣ እሾኻም፣ ትንሽ ዓሣ ናት። ያውም የሞተች!

የሥራ ጓደኛዬ አስቴር በመረብ ክር የእጄን አንጓ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። እኔ ደግሞ እጄን መልሼ በረዶው ውስጥ ቀበርኩት። ዓሣ ነጋዴ ከበረዶ ሌላ ምን መድኃኒት ያውቃል?

ባሰብኝ። እጄ አበጠ። ጣቴ ጠቆረ። አላበኝ። አስመለሰኝ። ቢላ የምይዘው በዚህ እጅ ነው። ሊቆረጥ ነው ብዬ፣ በረዶ እንደጨበጥኩ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ።

ሲቀላ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ስንደርስ ዶክተሯ መጀመሪያ ክሩን በመቀስ ቆረጠችው።

«በረዶውን ጣይው እህቴ። የዚህ ዓሣ መርዝ የሚረታው በሙቅ ውሃ ነው።»

ተቃጠልኩ እያልኩ ሙቅ ውሃ! አበደች እንዴ አልኩ በልቤ። እሷ ግን ሙቅ ውሃ በሳፋ አስመጥታ ወደ አስቴር ዞረች።

«የተወጋ እጅ ሙቀት አይለይም። እንዳትቃጠል አንቺ ለኪላት።»

አስቴር የሕፃን ገላ እንደምታጥብ ክርኗን ነከረች። ቀጥሎ እጄ ገባ። ቆየሁ። ውሃው ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር እየቀየሩልኝ፣ ያ የሚያስጮኸኝ ቃጠሎ ከክርኔ ወደ አንጓዬ፣ ከአንጓዬ ወደ ጣቴ እየወረደ ሄደና ጠፋ። በስመ አብ አልኩ። መርዙ በሞተች ዓሣ ውስጥ መቆየቱ፣ በረዶ ያልገታው ደግሞ በተራ ሙቅ ውሃ መሸነፉ!

ራጅ ስነሣ የእሾኹ ስባሪ ጣቴ ውስጥ ታየ። በማደንዘዣ አወጡልኝ፤ ዶክተሯ የቴታነስ መርፌ ወጋችኝ፣ አንቲባዮቲክ አዘዘችልኝ። እብጠቱ ቀስ በቀስ እየጎደለ፣ ጣቴም መጀመሪያ ማንኪያ፣ ኋላም ቢላ መያዝ እየቻለ መጣ።

እናንተ ሐይቅና ባሕር ዳር የምትሠሩ፣ ዓሣው ቢሞትም አትመኑት፤ ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ እሾኹን በጉጠት ስበሩ። ከተወጋችሁ እጃችሁን በክር አትሰሩ፣ አትብጡ፣ በረዶ አታድርጉ። ጤነኛ ሰው በለካው፣ ቆዳ በሚችለው ሙቅ ውሃ ነክራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ሕመሙ ቢለቃችሁም እንኳ አትቅሩ።

ዶክተሯንና አስቴርን እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ከበረዶ ሣጥናችን ጎን ሙቅ ውሃ የሞላ ፔርሙዝ አይጠፋም። ሻይ የመሰላቸው ደንበኞች ቅጂልን ሲሉኝ አውራ ጣቴን አጠፍ ዘርጋ እያደረግሁ የሆነውን እነግራቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ከእነሱ ይልቅ የምገረመው እኔ ነኝ።