ያልመታሁት ክራር

አልበሙ ከወጣ በኋላ ያየኝ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኝ ነበር። የቡራዩ ሚኒባሶች ለወራት ሌላ የሚያጫውቱት የጠፋ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ወደ አስኮ ስሄድ ሹፌሩ ለይቶኝ ከጎኑ አስቀመጠኝና በክራር ብቻ የሚጀምረውን ዘፈን ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። እኔም ፈገግ አልኩላቸው። ያንን ክራር የመታሁት ግን እኔ አልነበርኩም።

ባንዳችን የአገር ቤት ዜማን ከሮክ ጋር የሚያዋህድ የአራት ሰው ባንድ ነበር። ከዚያ በፊት ያወጣናቸውን ሁለት አልበሞች ዘመዶቻችን እንኳ የሰሙልን በይሉኝታ ነው። ሦስቱ ጓደኞቼ የሚኖሩት መሀል አዲስ አበባ ነው። እኔ የከተማው ኪራይ ገፍቶኝ ቡራዩ፣ በገፈርሳ በኩል፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ሰውየውን ኦቦ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ቤታቸውን ከክፍሌ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

የዚያን ዘፈን መግቢያ ያወጣሁት አንድ ክረምት ሙሉ እዚያ ግድግዳ ስር ቁጭ ብዬ ነው። በልጅነቴ የተሰበረ አንድ ጣት አለኝ፤ እሱ የሚነካት ክር ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገያለች። ዘፋኛችን ክራርህ ታክሲ ያመለጠው ሰው ይመስላል እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይሁን እንጂ ዘፈኑ የቆመው በዚያች መዘግየት ላይ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የነበረበት ጊዜ ነው። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ በድንጋይ ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው። ዘፈኑን ለመቅዳት አራት ቀን ሲቀረን የኦቦ የወንድም ልጅ፣ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት ወጣት፣ አስፋልቱ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። አስከሬኑ እስኪመጣ ተጠበቀ፤ ግቢያችን ውስጥም ድንኳን ተተከለ።

ለቅሶ ቤት ክራር አይነካም። እኔ ግን ካልተለማመድኩ ጣቴ ይከዳኛል ብዬ ፈራሁ። በክሮቹ መሀል አሮጌ ካልሲ ወትፌ፣ ለራሴ እንኳ በቅጡ ሳይሰማኝ እመታ ነበር። አፍሬያለሁ፤ ግን አላቆምኩም።

ቀብሩና ቀረጻው አንድ ቀን ዋሉ። ስቱዲዮው የኛ የሆነው ለዚያች ቀን ብቻ ነበር። ጠዋት መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ክራሬን አንግቼ ወጣሁ። ኦቦ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ነበር። ክራሩን አዩት።

«መንገዱ ሳይዘጋ ሂድ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ።

አትሂድ ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት ተናድጄ እሄድ ነበር። ሂድ ሲሉኝ ግን እግሬ እምቢ አለ። ክራሩን አልጋዬ ላይ አስቀምጬ የአስከሬኑን ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ ሆንኩ። ጓደኞቼ እንደሚጠብቁኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ከቀብር ስንመለስ መንገዱ ተዘግቷል፣ ኔትወርክም የለም።

ስልኩ ከአራት ቀን በኋላ ሲከፈት ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጓደኛዬ ደወለ። እስከ ከሰዓት ሲደውሉልኝ ቆይተው ሌላ ክራር ተጫዋች አስመጡ፤ እሱም የልምምድ ቅጂያችንን ሰምቶ በአንድ ቁጭታ ጨረሰው። አልበሙ ላይ ግን የሚጻፈው ያንተ ስም ነው፣ ዜማው ያንተ ነውና አለኝ። አልተቀየምኩም አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ስሜን የጻፉት በደግነት ነው፤ ያ ደግነት አፌን ዘጋው። እውነቱን ባወራ እነሱን ማዋረድ ነው፤ ዝም ብል የሌላ ሰው እጅ ሰርቄ መኖር ነው። አልበሙ ከተወደደ በኋላማ መድረክ ላይ መግቢያውን እንደዚያ ሰውዬ ሳልዘገይ እመታው ጀመር፤ ሕዝቡ የሚያውቀው እሱን ነዋ። አዳራሹ አብሮን ሲዘፍን እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

የኦቦ ቤት ራዲዮ የልጁ ሙት ዓመት እስኪወጣ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ጠሩኝ። ስገባ የኛ ዘፈን መጀመሩ ነው። ዘፋኟ እስክትገባ አቀርቅረው ሰሙት።

«ማነው የመታው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። ለእሳቸውም ዋሸሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለህም። አንተ አንዷ ክር ላይ ትዘገያለህ። ይሄኛው አይዘገይም።»

እንዴት አወቁ ስላቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «በለቅሶው ሳምንት እንኳ፣ አፍነህ ስትመታ፣ እሰማህ ነበር። ለልጄ ስታለቅስ መስሎኝ ዝም አልኩህ።»

ለቀረጻው ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። ራዲዮውን ዘጉና ክራርህን አምጣ አሉኝ። አምጥቼ መታሁላቸው። እዚያች ክር ላይ ስደርስ ጣቴ ዘገየች፤ ኦቦም ጠበቁኝ።