በሻሽ የታሰሩት ዲስኮች

ሽማግሌው ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ የሟች ባለቤታቸው መዝሙር ያለበትን ሁለት ሃርድ ዲስክ በሻሿ ጠቅልለው አማን ካለው ቤታቸው ወደ ቲቶ ኮምፒውተር ጥገና ቤት መጡ። ኮምፒውተራቸውን መብረቅ መትቶታል። ቲቶ ዲስኮቹን ለየብቻ ቢሞክራቸው አንዱም አልከፈት አለ።

«አባቴ፣ ዲስኮቹስ ደህና ናቸው። መዝሙሩን ለሁለቱ እያካፈለ የሚጽፈው፣ መልሶም የሚገጥመው የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ነበር። እሱስ የታለ?»

«የተቃጠለ ምን ይሠራል ብዬ ለቆራሌው ሰጠሁት።» ሻሹን ዳሰሱ። «እሷ የዘመረችው ሌላ ቦታ የለም፣ ልጄ።»

«እሱ ወይም አምሳያው ከተገኘ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይከፈት ይሆናል። አምሳያውን እንድለይበት አንዱን ዲስክ እኔ ጋ ይተዉት።»

«ግማሽ ድምፅ ይዤ ልግባ?» ብለው ሁለቱን አንድ ላይ አጥብቀው አሰሩ።

ከመንገዱ «ቆራሌ!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ዲስኮቹን ደረታቸው ላይ አቅፈው እስከ በሩ ሮጡና ጆሯቸውን ጣሉ።

«ያ ሰው አይደለም» አሉ፤ «ድምፁን አውቀዋለሁ።» ከደጁ ግን አልተነሡም።