ከቀዩ ጨርቅ ሥር

እትዬ ቁልፍ የኮሌጁን የስፖርት ዕቃ ቤት የተረከበችው ገና በወጣትነቷ ነው። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው፤ ስትራመድ ወገቧ ላይ ያሰረችው የቁልፍ ዘለላ ከእሷ ቀድሞ ይሰማል። "እሷ ቤት እንኳን ሌባ ዝንብም አይገባም" ይባልላታል፤ እሷም ይህን ወሬ አትጠላውም። በቅርቡ የጽዳት ኃላፊው "የአይጥ መድኃኒት ላስቀምጥልሽ?" ቢላት "ለራስህ ቢሮ አድርገው" ብላ በሩን ዘግታበታለች።

በተማሪዎች ቀን ማለዳ የገመድ ጉተታውን ገመድ ከመደርደሪያው ሥር ስትስበው መዳፏ ላይ እንደ ገለባ ያለ ብናኝ ቀረ። ገመዱ ከሦስት ወፋፍራም ጉንጉኖች የተገመደ ቃጫ ነው። ከመሐሉ ትንሽ አለፍ ብሎ አንዱን ጉንጉን አይጥ ጨርሶ በልቶታል፤ ሁለተኛውንም ጀምሮታል።

ውጭ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ድምፅ ማጉያው "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?" ይላል። ወጥታ መናገር ነበረባት። ግን ሌላ ገመድ የለም፤ የሴቶቹ ገመድ ጉተታ ደግሞ የቀኑ መዝጊያ ነው። የነርሲንግ ተማሪዎቹን ቡድን ከኋላ የምትይዘው ገና ድክ ድክ ስትል ተቀብላ ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ናት። አምና በመጨረሻው ዙር ተሸንፋ አልጋ ላይ ተጠቅልላ ያለቀሰችው ከዓይኗ አልጠፋም። በዚያ ላይ ከእትዬ ቁልፍ ቤት አይጥ ወጣ ሊባል ነው።

ወስፌና የጫማ ክር አውጥታ ገመዱን አጥብቃ ሰፋችው። ከዚያ የመሐል ምልክት የሆነውን ቀይ ጨርቅ ከቦታው ፈትታ ስፌቱ ላይ ጠመጠመችው። ጨርቁን ማንም አይጨብጠውም፣ ማንም አይገልጠውም። ክንድ የማይሞላ ልዩነት ደግሞ ማን ይለካል?

የምትለካ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ሜዳው ላይ ሲሰለፉ የአካውንቲንጎቹ ካፒቴን፣ ነገር ሳትከራከር ስለማታሳልፍ "ጠበቃዋ" የሚሏት ልጅ፣ ገመዱን አንስታ ለሁለት አጠፈችው። ቀዩ ጨርቅ ከእጥፋቱ ወዲህ ቀረ።

"አዩት መምህር? በነርሶቹ በኩል ረዝሟል። ገመዱን ያመጣው ማን ነው? እትዬ ቁልፍ። ከኋላ የቆመችው ማን ናት? የእትዬ ቁልፍ ልጅ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ሒሳብ እየሠራሁ ነው።"

"ሒሳብሽንማ ባለፈው ፈተና አይተነዋል" አለ ከተመልካቹ አንዱ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

ዳኛ የሆነው የስፖርት መምህር ወደ እትዬ ቁልፍ ዞረ። "እትዬ፣ ዘንድሮስ ለቤትዎ አዳሉ።"

"ዓይኔ ነው፤ ደክሟል" አለች። አዳልተሻል መባሉ እንኳ ከአይጡ ተሻላት።

መምህሩ ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ትክክለኛው መሐል ላይ አሰረና ቀዩን ሊፈታ እጁን ዘረጋ።

"ይተዉት፣ ጠብቋል። ሰዓቱም እየሄደ ነው" አለችው።

ተወው።

ፊሽካው ተነፋ። ገመዱ ከመሬት ተነስቶ እንደ ብረት ዘንግ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ልጆቹን ያያል፤ እሷ ቀዩን ጨርቅ ብቻ ታያለች። ከሥሩ አንድ ነገር "ቷ" አለ። ቃጫ ሲወጠር ይንጣጣል፣ አለች ለራሷ። ደግሞ "ቷ" አለ። ነርሶቹ ጎትተው አሸነፉ፤ ፉጨትና ጭብጨባው ቀለጠ።

የእህቷ ልጅ እየሮጠች መጣች፤ መዳፎቿ ቀልተዋል። "አክስቴ፣ አየሽኝ? አንድ ብቻ ቀረን። አሁን ወገቤ ላይ ነው የምጠመጥመው፤ ሞቼ ነው የምለቀው።"

"አትጠምጥሚው።"

"ለምን?"

"ወገብሽን... ያምሻል።"

"አንቺ ደግሞ፤ ሥራዬ እኮ ነው" ብላ ሳቀችባትና ተመለሰች።

ቡድኖቹ ቦታ ተለዋወጡ። አሁን ልጅቷ ጀርባዋን ከሜዳው ዳር ላለው የሲሚንቶ ደረጃ ሰጥታ ቆመች። ገመዱ ቢበጠስ ወደ ኋላ የምትበረው፣ ማጅራቷ የሚያርፈው እዚያ የደረጃ ጠርዝ ላይ ነው። እትዬ ቁልፍ ይህን አየች። በመጀመሪያው ዙር ያው ጠርዝ ከሌላ ሰው ልጅ ጀርባ ነበር፤ ያኔ አላየችውም።

መምህሩ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከቷል። የቁልፍ ዘለላው ሲንሿሿ ሰው ዞሮ አያት። ሜዳው መሐል ገብታ ገመዱን በእግሯ ረገጠችው።

"አይጎተትም።"

"አክስቴ" አለች ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አታዋርጂኝ። ውጪ።"

እትዬ ቁልፍ ተንበረከከች። ጠዋት አጥብቃ ያሰረችው ቋጠሮ ለጣቶቿ እምቢ አለ። ጠበቃዋ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለችና በጥርሷ ፈታችው። ከጨርቁ ሥር ስፌቱ ግማሹ ተተርትሯል፤ ሁለተኛው ጉንጉን ተበጥሷል፣ ሦስተኛውም በጥቂት ክር ቀርቷል። መምህሩ ገመዱን በጫማው ረግጦ ወደ ላይ ነጠቅ ቢያደርገው ተበጠሰ።

"አይጥ ነው" አለች። "ጠዋት አይቼዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ጠበቃዋ ደረጃውን አየች፤ ከዚያ እሷን አየች። "ቅድም እኮ እዚያ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።"

"አዎ" አለች እትዬ ቁልፍ።

ድምፅ ማጉያው ገመድ ጉተታው መሰረዙን፣ የመጀመሪያውም ዙር እንደማይቆጠር ተናገረ። የእህቷ ልጅ የያዘችውን የገመድ ጫፍ መሬት ላይ ጥላ ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

ድንኳኖቹ ሲነቀሉ እትዬ ቁልፍ ኳስና ጆንያ ትሰበስብ ነበር። ከድንኳን ጀርባ "እትዬ አይጥ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሌሎች ተቀብለው ሳቁ። ዞር አላለችም። ይህ ስም እንደማይለቃት አውቃለች። ነገ ለመምህሩ ምን እንደምትል፣ ቁልፉንም ይቀበላት እንደሁ፣ አላወቀችም።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆማ ሳለ በሩ ተከፈተ። የእህቷ ልጅ ሰላም ሳትል፣ ፊቷንም ሳታያት ገባች። መደርደሪያውን በአንድ በኩል ያዘች።

"አይጡ በየት ነው የሚገባው?"

"እንጃ ልጄ። ከዚህ ጀርባ ሳይሆን አይቀርም።"

"ያንን ጫፍ ያዢ።"

መደርደሪያው ከባድ ነው። ሁለቱም በአንድ ወገን ሆነው ጎተቱት።