የክፍል ሁለት መጨረሻ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ናሆም ሲኒማ ቤት ወሰደኝ። ፊልሙ አምስተኛ ክፍል ነው አሉ። በአራተኛው የሞተው ጀግና በአምስተኛው ተነስቶ ሰው ሲደበድብ እያየሁ ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ብድግ ብሎ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ። ናሆም ሲያልቅ በር ላይ ቆሜ አገኘኝ።

«አባባ፣ ሁልጊዜ ሳያልቅ ይወጣሉ» አለኝ ኩርፍ ብሎ። «ለመሆኑ ከአሥር ስንት ይሰጡታል?»

«እስከ መጨረሻው ያላየ አይፈርድም» አልኩት።

ይህን ሕግ ያወጣነው እኔና ሰለሞን ነን። ሰለሞን ጌጃ ሰፈር አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጓደኛዬ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስን፣ ከልደታ በሜክሲኮ አድርገን እስከ ፒያሳ በእግራችን እየሄድን የህንድ ፊልም እናይ ነበር። ስንመለስ ሰፈራችን ሻይ ቤት እስክንደርስ ስለ ፊልሙ ትንፍሽ አይባልም። ሻይና ፓስቲ ሲቀርብ ፍርዱ ይጀመራል፤ ሰማያዊ ደብተር ላይም ይጻፋል። እሱ መልካሙን ይጽፋል፣ እኔ ጉድፉን። ጉድፍ ማውጣት ያኔም ይቀናኝ ነበር፤ ዛሬም አልለቀቀኝም።

አንድ ፊልም ግን አጣላን። ታናሽ ወንድም ታላቁን ሞልቶ በሚወርድ ወንዝ ዳር ጥሎት ይሸሻል፤ ታላቁን ውኃ ይወስደዋል፤ አለቀ። ከዚያ ክፍል ሁለት አለው ተባለ። ታላቁ አልሞተም ማለት ነው። እኔ «መጥቶ ይገድለዋል» አልኩ። ሰለሞን «ወንድሙ እኮ ነው፣ ይቅር ይለዋል» አለ። በዚህ ወራት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ባለሻይ ቤቷ ሰለቸችን።

ክፍል ሁለት የመጣው ለግንቦት ልደታ ነው። ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል። እናቴ የሁለታችንንም ኪስ ሞላችልን፤ ለሰለሞን አብልጣ። «አደራ፣ አብራችሁ ተመለሱ» አለችን። ያን ሰሞን አፈሳው በርትቶ ነበር፤ ወጣቱ ከየመንገዱ እየተለቀመ ወደ ሰሜን ጦርነት ይጫናል። እኔ ግን ብዙም አልፈራም። የሰለሞን አጎት የቀበሌ ሹም ስለነበሩ አፈሳ ሲኖር ለእሱ ሹክ ይሉታል፣ እሱም ለእኔ ይነግረኛል። እንዲህ እያልን ሦስት ጊዜ አምልጠናል።

ፊልሙ ሊያልቅ ነው። ታላቁ ወንድም ታናሹን አግኝቶ ሽጉጥ ደቅኖበታል። የሲኒማ ቤቱ ሠራተኛ ባትሪውን እያበራ መጣና ለሰለሞን በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ሰለሞን ተነሳ። የቀረውን ንፍሮ መዳፌ ላይ ገለበጠልኝ። 

«ያዝልኝ፣ መጣሁ» አለኝ።

ዓይኔ ሽጉጡ ላይ ነበር፤ ዞሬም አላየሁት።

መብራት በራ፣ እሱ አልመጣም። በሩ ላይ ወታደሮች ቆመዋል፣ ከኋላቸው የጭነት መኪና። መኪናው ላይ ሆኜ እንኳ አንገቴን አስግጌ የምፈልገው እሱን ነበር፤ እሱንም ይዘውት ይሆን ብዬ ተጨንቄ። ንፍሮውን አልበላሁም፣ ያዝኩለት። ከጎኔ የተጫነ የሰፈራችን ልጅ ነው የነገረኝ፤ «ሰለሞንን እኮ አጎቱ በጓሮ በር ሲያስወጡት አየሁ።» ከከተማ እስክንወጣ ድረስ አላመንኩትም። ሳምነው ንፍሮውን አንድ በአንድ ቆርጥሜ ጨረስኩት።

ከአምስት ዓመት በኋላ የግራ እጄን ሁለት ጣቶች ጦር ሜዳ ትቼ ተመለስኩ። ሰለሞን በሦስተኛው ቀን ስኳር ይዞ መጣ።

«አጎቴ አንድ ሰው ብቻ ነው የማስወጣው አለኝ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«አንዲት ቃል ብትነግረኝ በመስኮትም ቢሆን እዘል ነበር።»

ስኳሩን አስቀምጦ ተነሳ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞረና «መጨረሻው እንዴት ሆነ?» አለኝ። ወደዚያ ሲኒማ ቤት ከዚያ ወዲህ ድርሽ አላለም ኖሯል፤ ፊልሙም ዳግም አልመጣም። በጥፊ ሳልለው መቅረቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

«እስከ መጨረሻው ያላየ አይጠይቅም» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። እኔም ከታፈስኩበት ቀን ወዲህ ሲኒማ ቤት ከጎኔ ሰው ሲነሳ እግሬ አብሮ ይነሳል።

ሰፈራችን ፈርሶ ለሁለታችንም ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እድር ላይ እንገናኛለን፣ እንደምን አለህ እንባባላለን። ከዚያ ዓይኑን ይተክልብኛል። ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ።

ለናሆም ግን ቅዳሜ ስንመለስ፣ ሜክሲኮ ላይ ክርክራችንንም መጨረሻውንም ነገርኩት። ታላቁ ሽጉጡን ወንዝ ውስጥ ወረወረው፤ ታናሹንም አቀፈው። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፤ እኔም የሰለሞንን ንፍሮ በመዳፌ እንደያዝኩ አለቀስኩ።

«ታዲያ ጋሽ ሰለሞን አሸንፈዋላ! ለምን አይነግሯቸውም?» አለኝ ናሆም።

ለልጅ እንዴት ይነገራል? ፊልም ላይ ይቅር ማለት ቀላል ነው፣ ሙዚቃው ያግዛል። ሰለሞን ልክ ነበር። ግን ልክ ነበርክ ካልኩት ይቅር ያልኩት ይመስለዋል፤ እኔ ደግሞ አላልኩትም።